ጉማሬ ለምን ተፈጠረ?

«ጉማሬ አይጠመድ፣ አዞ አይታለብ፤ ታዲያ እግዚአብሔር ለምን ፈጠራቸው?» ይህን የሚጠይቁት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ብቻ አይደሉም። ጥያቄው ክፋት የለበትም። ከሥሩ ግን አንድ ስሕተት አለ፤ ፍጥረት ሁሉ ለሆዳችንና ለጉልበታችን ብቻ የተሠራ ይመስለናል።

የሥነ ፍጥረት ትምህርታችን እንዲህ አይልም። ከ22ቱ ሥነ ፍጥረታት ሦስቱ ሐሙስ ዕለት ከውሃ ተገኙ፤ በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩ። ሰው የተፈጠረው በማግስቱ ነው። ስለዚህ የመባዛትን በረከት ከአዳም ቀድመው የተቀበሉት የውሃ ፍጥረታት ናቸው። አባቶችም ፍጥረታት ለምግበ ሥጋ ብቻ ተፈጠሩ አላሉም፤ ለአንክሮና ለተዘክሮም ነው አሉ። ሰው አይቶ እንዲደነቅ፣ ተደንቆም ፈጣሪውን እንዲያስብ።

ኢዮብን ተመልከቱ። በመከራው ውስጥ ሆኖ ሲጠይቅ የመከራው ምክንያት አልተነገረውም። እግዚአብሔር የሜዳ አህያን፣ ሰጎንን፣ ንስርን አሳየው፤ በኋላም ብዙዎች ጉማሬ ነው የሚሉትን፣ በሸምበቆ ሥር የሚተኛውን አውሬ። አንዳቸውም ለኢዮብ አያርሱም፤ የታዩትም ለዚሁ ነው።

ነገሩን በዓይነ ሥጋ ማየት የሚሻ በቦትስዋና ያለውን የኦካቫንጎ ዴልታ ያስብ። ወንዙ ከአንጎላ ደጋ ይነሣል፤ ባሕር ግን ሳይደርስ በካላሃሪ አሸዋ ላይ ተበትኖ ይቀራል። አንጎላ ላይ የዘነበው ዝናብ ቀስ ብሎ ለመድረስ ወራት ስለሚፈጅ ሜዳው በውሃ የሚሞላው ቦትስዋና ዝናብ በሌለባት ጊዜ ነው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በተመላለሰበት ደንገሉ ይከፈታል፣ ውሃም ይፈስበታል፤ እበቱ ለውሃው ሕይወት ምግብ ይሆናል። የምስጥ ኩይሳ ከውሃው በላይ ይቀርና ዛፍ ይበቅልበታል፤ እየሰፋም ደሴት ይሆናል። አይጠመድም ያልነው ጉማሬ ዕድሜውን ሙሉ ቦይ ሲቀድ ይኖራል፤ አሠሪው ግን እኛ አይደለንም።

ጎብኚ በዚያ በሞኮሮ መዞር ይችላል፤ በረጅም እንጨት እየተገፋች በምትሄድ ጠባብ ታንኳ። ሞተር ስለሌላት ትንሹን ነገር ታሳያለች። ጃካና የሚባል ወፍ አለ፤ ጣቶቹ እጅግ ረጃጅም በመሆናቸው በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ሳይሰጥም ይራመዳል። እንቁላል የሚታቀፈው ወንዱ ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን በክንፎቹ ሥር ሸክፎ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ከጎንና ከጎኑ ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለው ይታያሉ፣ ላላወቀው ሰው ባለ ብዙ እግር ወፍ ይመስላል። አንክሮ ማለት ይህን ዓይነቱን ነገር ቆም ብሎ ማየት ነው። አምልኮ ግን አይደለም፤ ሥራውን አድንቆ ሠሪውን የረሳ መንገድ ስቷል።

«ሰው በፍጥረት ላይ ተሹሞ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተሹሟል። ሹመት ግን ርስት አይደለም፤ አዳም ገነት የተሰጠችው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 እናት ወፍን ከጫጩቶቿ ጋር አብሮ መውሰድን ይከለክላል። ሊበላት ለፈለገ እንኳ ወሰን ከተበጀለት፣ ለአንድ ፎቶ ብሎ ከጎጆዋ የሚያስነሣት ሰው ምን ይመልሳል? እናትየው ስትነሣ እንቁላሉ ለፀሐይና ለነጣቂ ይጋለጣል።

በኦካቫንጎ የሚኖረው የባታዋና ሕዝብ አደን በዝቶ አውሬው ሲመናመን አይቶ በ1963 እ.ኤ.አ. ከገዛ መሬቱ ከፍሎ የሞሬሚን ጥብቅ ስፍራ አቋቋመ። ዩኔስኮ ዴልታውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ከ51 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ነው። መጠበቅ ግን ዋጋ አለው። ዝሆን ማሳውን ለረገጠበት ገበሬ ስለ አንክሮ ብንሰብክ አይሰማንም፤ እውነቱን ነው። የጎብኚው ገንዘብ ወደ መንደሩ ካልደረሰ ጉብኝቱ ጎደሎ ነው።

ጃካናም ጉማሬም ሐዋሳ ሐይቅ ላይ አሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄዱ ከመጽሐፈ ኢዮብ 38ኛውን ምዕራፍ ጀምራችሁ እስከ 41ኛው አንብባችሁ ሂዱ። ለባለ ጀልባው ተገቢውን ዋጋ ክፈሉት፤ «ወደ ጎጆው አስጠጋን» ብላችሁ ግን አታስቸግሩት።