ሮቦትን በእጅ ምልክት ማዘዝ

ጉለሌ ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ሥራ ላይ ሳለ እጁ አይፈታም። አንደኛው መወርወሪያውን በድሩ መሐል አሹልኮ ይሰዳል፣ ሌላው ይቀበላል፤ መልሶም ማጉን መትቶ ያጠብቃል። ድሩን የሚከፍትለትና የሚዘጋለት ጉድጓዱ ውስጥ ያለው እግሩ ነው። እጅ ሥራ ስለያዘ ማዘዙ ለእግር ተላለፈ ማለት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሮቦትን በእጅ ምልክት ስለማዘዝ ሲወራም መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው ነው፤ ሠራተኛው የሚያዝበት እጅ ተርፎታል ወይ?

ሮቦት ድሮ በአጥር ተከልሎ ነበር የሚሠራው። ከሰው ጎን እንዲሠሩ የተዘጋጁት፣ ኮቦት የሚባሉት፣ የቅርብ ጊዜ ናቸው፤ የዴንማርኩ ዩኒቨርሳል ሮቦትስ የመጀመሪያውን የሸጠው በ2008 እ.ኤ.አ. ነበር። ጎን ለጎን ከተሠራ ደግሞ መግባባት ግድ ነው። ማሽን በሚጮህበት አዳራሽ ድምፅ አይሰማም፤ ዘይት በነካው እጅ ስክሪን መንካትም አይመችም። «አቀብለኝ»፣ «አዙረው»፣ «ቁም» ለማለት እጅ ማሳየት ይቀላል።

ካሜራው ግን እጅን እንደ እኛ አያይም። ጉግል በ2019 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሚዲያፓይፕ የተባለ መሣሪያ በአንድ እጅ ላይ 21 ነጥቦችን ይፈልጋል፤ 1 አንጓው ላይ፣ በየጣቱ ደግሞ 4። ከነጥቦቹ አቀማመጥ ተነስቶ የትኛው ጣት እንደተዘረጋ፣ የትኛው እንደታጠፈ መለየት ይቻላል። ምልክቱ እንቅስቃሴ ያለው ከሆነ ነጥቦቹ ከምስል ወደ ምስል የት እንደሄዱ ይከታተላል፤ ከዚያ ያየውን ከተማረው ጋር ያመሳክራል። ከማን ተማረ? እኛ ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን ጣቶቻችንን እናጥፋለን፤ ፈረንጅ ወደ ላይ አድርጎ ነው። በፈረንጅ እጅ የሠለጠነ ማሽን የእኛን «ና» «ሂድ» ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም።

ከዚህ የባሰው ሳይታሰብ የሚወጣ ምልክት ነው። ሰው ላቡን ይጠርጋል፤ ለባልደረባው በእጁ እያሳየ ያወራል (እጃችንን ብንታሰር ወሬ የሚያልቅብን ብዙ ነን)። ስለዚህ ደህና ሥርዓት በቅድሚያ የመቀስቀሻ ምልክት ይጠይቃል፤ ሮቦቱም መብራት አብርቶ መቀበሉን ያሳያል፤ የማስነሻው ምልክት ጥቂት ጸንቶ ካልቆየም አይንቀሳቀስም። ማቆሚያው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሮቦቱ ቢጠራጠርም መቆም አለበት። ያለ ምክንያት ቢቆም ጊዜ ይባክናል፤ ያለ ምክንያት ቢነሳ ግን ሰው ይጎዳል።

ያም ሆኖ የሰውን ደህንነት በእጅ ምልክት ላይ ብቻ መጣል አይገባም። የሮቦቱ ክንድ በሰከንድ 1 ሜትር ቢጓዝና ካሜራው «ቁም»ን ለመለየት ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ፍሬን ሳይያዝ 50 ሴንቲ ሜትር ተጉዟል። ጓንት፣ የብርሃን ነጸብራቅ ወይም በመሐል ያለፈ ሰው ሲጨመርበት ጭራሽ ላያየውም ይችላል። ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍና ርቀት የሚለኩት ሴንሰሮች ከካሜራው ተነጥለው ራሳቸውን ችለው መሥራት ያለባቸው ለዚህ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኤስኦ ቲኤስ 15066 የተባለ ሰነድም ሰውና ሮቦት ሲቀራረቡ ሊጠበቅ ስለሚገባው ፍጥነት፣ ርቀትና የግፊት ልክ ያብራራል።

ምልክት ለመምረጥ እኔ የማምንበት መንገድ ሮቦቱ ገና ሳይተከል የሠራተኞቹን አንድ ሙሉ ፈረቃ፣ አስፈቅዶ፣ በቪዲዮ መቅረጽ ነው። በሥራ መሐል አንዴም ቢሆን የታየ የእጅ አኳኋን ለማስነሻ አይሆንም። ከቀሩት ክንድ የማያደክመውና በጓንትም የሚለየው ይወሰዳል።