እርጥብ እንጨት ለምን ይሰነጠቃል?

ኮዬ ፈጬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። ዛሬ ብዙ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተውበታል። አፈሩ ግን ያው ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ኮትቻ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በበጋ ውኃው ሲለቀው ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃል። ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

እንጨትም እንደዚሁ ነው። በክረምት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ይወፍራል። በበጋ እርጥበቱን ይለቃል፤ ይቀጥናል። በሐምሌ አልዘጋ ያለ በር በጥር ንፋስ የሚያስገባው ለዚህ ነው። የእንጨት ቁመት ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው ጎኑ ነው።

አዲስ ቤት የገባ ሰው አልጋና ጠረጴዛ ይፈልጋል። ስለዚህ በቤቱ አጠገብ ዛኒጋባ ሠርቶ እንጨት የሚሠራ ሰው ገበያ አያጣም። ነገር ግን እርጥብ ባሕር ዛፍ ገዝቶ በዚያው ሳምንት ቢሠራው፣ አልጋው የሚያምረው ለጊዜው ነው። በጋ ሲመጣ ይጣመማል፤ መጋጠሚያውም ይላቀቃል። የእንጨቱ ገንዘብም ድካሙም ከንቱ ይቀራል። ደንበኛውም ሁለተኛ አይመጣም። ታዲያ ምን ይሻላል? እንጨቱን አስቀድሞ ማድረቅ ነው።

አደራረቁ እንዲህ ነው፦

1. ጣውላውን ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በድንጋይ ላይ ደርድሩ። መሬት ከነካ እርጥበት ይስባል፤ ምስጥም ይበላዋል።

2. በጣውላዎቹ መካከል ጣት የሚያህሉ እንጨቶች አስገቡ። ነፋስ ያልፍበታል። እንጨቶቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መሥመር ይሁኑ፤ አለዚያ ጣውላው ይጎብጣል።

3. ከጣራ ሥር አስቀምጡት። በፀሐይ ወይም በእሳት አጠገብ ከሆነ፣ ውስጡ ገና እርጥብ ሳለ ውጩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

4. ጫፍና ጫፉን ሰም ወይም ቀለም ቀቡት። ውኃ ቶሎ የሚወጣው በጫፉ በኩል ነው።

መድረቁን በምን እናውቃለን? በሚዛን ነዋ! በበጋ አንዱን ቁራጭ በየሳምንቱ መዝኑና ክብደቱን ጻፉ። 3 ኪሎ የነበረው 2 ኪሎ ከሆነ፣ 1 ሊትር ውኃ ወጥቷል ማለት ነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም መጋዝና መላጊያችሁን አንሡ።

ዛኒጋባውንም ጠብቁ። በዙሪያው የውኃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ። ዝናብ ሲጥል መስኮቱን ዝጉ፤ ሲያባራ ክፈቱ። እርጥብ ልብስ አታስጡበት። የተጀመረ ሥራ በአፈር ወለል ላይ አይደር።

ጥያቄዎች

1. ኮትቻና እንጨት በምን ይመሳሰላሉ?

2. አንድ ጣውላ በመጀመሪያ 5 ኪሎ፣ በኋላ 3 ኪሎ ተኩል መዘነ። ስንት ሊትር ውኃ ወጣው?

3. በቤታችሁ ያለው በር በክረምት ይጠብቃል ወይስ ይላላል? ለምን?