ለመታጠፍ ያልተሠራ ጉልበት

ጉልበቱን ወይም ዳሌውን በሰው ሠራሽ ያስቀየረ ምእመን ቁስሉ ሲድን ቀጥሎ የሚያሳስበው ስግደቱ ነው። «ግንባሬን መሬት ካላስነካሁ አምልኮዬ ጎደለ ወይ?» ይላል። በሰሜን ሸዋ ይህ ጥያቄ ይከብዳል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የትውልድ ስፍራ ኢቲሳ እዚሁ ቡልጋ ነው፤ በጸሎት ብዛት የእግራቸውን መሰበር ጥር 24 ቀን በየዓመቱ እናስባለን። ይህን ገድል እየሰማ ያደገ ሰው በራሱ ቢያፍር አይፈረድበትም።

ገድሉን ግን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ጻድቁ አንድ እግራቸው ከተሰበረ በኋላ ሰባት ዓመት በቀረው እግር ቆሙ። በተሰበረው እግር እንዲቆሙ የጠየቃቸው የለም፤ ባላቸው አገለገሉ። ከእርሳቸው በፊት ደግሞ ያዕቆብ አለ። ሌሊት ሲታገል አድሮ የጭኑ ሹልዳ ተነካ፣ አነከሰም። ሊሞት በተቃረበ ጊዜ በዘንጉ ጫፍ ተደግፎ እንደ ሰገደ በዕብራውያን መልእክት 11፥21 ተጽፏል። ዳሌው የተጎዳ ሰው በበትር ተደግፎ የሰገደው ስግደት ተቆጥሮለታል ማለት ነው። መቋሚያ ይዞ በደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚያስቀድስ አዛውንት ይህን ይያዝ።

አሁን ወደ ሐኪሙ ሥራ እንምጣ፤ ሐኪምን አክብሩ የሚለው ሲራክ ምዕራፍ 38 የእኛው መጽሐፍ ነውና።

የዳሌ መገጣጠሚያ እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ነው፤ የጭን አጥንት ክብ ራስ በጎድጓዳው ውስጥ ይዞራል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ መጀመሪያ ጎድጓዳውን በቴፍሎን ሠራው። ቴፍሎኑ በጥቂት ዓመታት ተበላ፣ ብናኙም አጥንቱን ጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1962 በጠንካራ ፖሊኢቲሊን ተካው፤ ሰበቃን ለመቀነስም የብረቱን ራስ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ አድርጎት ነበር። ትንሽ ራስ ፕላስቲኩን ብዙ አይበላም፤ ግን በቀላሉ ይወልቃል። በኋላ በጨረር የተጠናከረ ፕላስቲክ ሲመጣ 32 እና 36 ሚሊ ሜትር ራስ መግጠም ተቻለና ውልቃት ቀነሰ።

ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በተለይ ከኋላ ተከፍቶ የተሠራ ዳሌ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ90 ዲግሪ በላይ ታጥፎ ወደ ውስጥ ከዞረ ሊወልቅ ይችላል። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ቁጢጥ ማለት፣ ግንባርን መሬት የሚያስነካ ስግደት ሁሉም ዳሌን ከዚህ ልክ ያሳልፉታል። ሐኪሙ ሲከለክል በእምነት ላይ የተነሣ አይምሰላችሁ።

ጉልበት ሌላ ነው። ሰው ሠራሽ ጉልበት ለመቆምና ለመሄድ ያገለግላል፤ የአንኮበርንም ቁልቁለት በዝግታ ሊያወርድ ይችላል። አብዛኛው ሰው ግን ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ያጥፈዋል፤ ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ከዚያ ብዙ ይፈለጋል። መሬት ተቀምጠውና ተንበርክከው ለሚኖሩ የእስያና የመካከለኛው ምሥራቅ ሕዝቦች ተብሎ የበለጠ እንዲታጠፍ የተቀረጸ ጉልበት ለገበያ ቀርቦ ነበር። ከተለመደው ጋር ሲነጻጸር ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳየም። ከሕክምናው በኋላ የሚታጠፈውን ልክ ይበልጥ የሚወስነው ከሕክምናው በፊት ጉልበቱ የነበረው መታጠፍ ነው። «የሚሰግድ ጉልበት» ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁ ቢመጣ አትስሙት። ሐኪም ካልከለከለ መንበርከክ ራሱ ብረቱን አይሰብረውም፤ ብዙዎች የሚተዉት ጠባሳው ስለሚያምና ዙሪያው ስለሚደነዝዝ ነው።

ዕድሜውስ? እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ላይ የወጣ የውጭ አገር መዝገቦች ጥናት ከ100 ሰው ሠራሽ ዳሌ 58ቱ፣ ከ100 ጉልበት ደግሞ 82ቱ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ገምቷል። ያም ሆኖ ጉልበት ካስቀየሩ ከአምስቱ አንዱ ገደማ በውጤቱ አይረካም። ካልተሟላ ተስፋ የሚመጣ ቅሬታ እዚህ ውስጥ ብዙ ነው።

ስለ ጸበልም አንድ ቃል። ቁስሉ ሳይደርቅ ሸንኮራ ዮሐንስ ወርዶ መጠመቅ አይገባም። ጀርም ብረቱ ላይ ከተጣበቀ መድኃኒት ብቻውን አያጠራውም፤ ብዙ ጊዜ እንደገና መክፈት ግድ ይሆናል። ጸበሉ ይጠብቃችኋል።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ስግደትን ታነሣለች። በእነዚያ ቀናት አምልኮ ጎደለ የሚል ክርስቲያን የለም። በሰሙነ ሕማማት አስተብርኮ፣ ማለትም ተንበርክኮ መስገድ፣ ያልቻለም ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ሆኖ ራሱን ዝቅ ያድርግ፤ ነፍስ አባቱም የታዘዘውን ስግደት ወደ ዳዊት ወይም ወደ ምጽዋት ሊለውጡለት ይችላሉ።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንዴት እንደምትሰግዱ፣ ምን ላይ እንደምትቀመጡና መጸዳጃችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ከሕክምናው በኋላ ደግሞ ሐኪሙ የከለከላችሁን ሁሉ ሳትደብቁ ለነፍስ አባታችሁ ንገሩ።