ስለ አይሁድ የሚጸለይ ጸሎትና አንዲት የላቲን ቃል

ስለ ሰው መጸለይ ሁል ጊዜ የፍቅር ሥራ ነውን? ነው ብሎ ለመመለስ የሚቸኩል ብዙ ነው፤ እኛም ቸኩለን ነበር። ነገር ግን የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዕለተ ስቅለት ስለ አይሁድ የምትጸልየውን ጸሎት ታሪክ ስንመረምር ነገሩን እንዲህ ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዕለት ካህኑ ስለ ቤተ ክርስቲያን፥ ስለ ሕሙማን፥ ስለ መንገደኞች እያከታተለ ይጸልያል፤ በየልመናውም ሕዝቡ ይንበረከካል። ተራው የአይሁድ ሲሆን ግን ለብዙ መቶ ዓመታት መንበርከክ ቀርቶ ነበር። በስቅለት ከጧት ጀምሮ ሲሰገድ እያየን ላደግነው ለእኛ፥ በዚያ ቀን ጉልበትን መከልከል ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። በ9ኛው መቶ ዓመት የነበረው አማላርዮስ ምክንያቱን ሲናገር፥ አይሁድ በክርስቶስ ፊት ተንበርክከው ስለ ዘበቱበት ነው ይላል። የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 27 ያነበበ ሰው ግን ተንበርክከው የዘበቱበት የሮማዊው ገዥ ወታደሮች መሆናቸውን ያውቃል። የሮማውያን ዕዳ በአይሁድ ስም ተጻፈ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ቃሉ ነው። ጸሎቱ አይሁድን በላቲን «ፔርፊዲ» ይላቸው ነበር። «ፊዴስ» እምነት ማለት ስለ ሆነ ሊቃውንቱ ቃሉን «ያላመኑ» ብለው ይፈቱታል፤ ስሕተትም አይደለም። ይሁን እንጂ ፈረንሳዊውም ጣሊያናዊውም ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል በየቋንቋው አለው፤ ፍችውም ከዳተኛ ማለት ነው። ገበሬ መዝገበ ቃላት ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። እኛ የቋንቋ ተማሪዎችም የቃል ሥር ስንቈፍር ቃሉ በሰሚው ጆሮ ምን እንደሚሠራ የምንረሳበት ጊዜ አለ።

በ1926 በሮማ «የእስራኤል ወዳጆች» የሚባል የካህናት ማኅበር ተቋቁሞ 19 ካርዲናሎችና 3000 ያህል ካህናት ገቡበት። ቃሉ እንዲለወጥ፥ መንበርከኩም እንዲመለስ ለመኑ። በ1928 ልመናው ተጣለ፥ ማኅበሩም ፈረሰ፤ ያው ያፈረሰው ድንጋጌ ግን በአይሁድ ላይ የሚደረገውን ጥላቻ ያወግዛል። የሚያስገርም ወረቀት ነው! ከዚያ ወዲያ በሂትለር ዘመን ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ተፈጁ። ጸሎቱ ገደላቸው አንልም። ዳሩ ግን ጎረቤቱ ሲወሰድ ዝም ብሎ ያየ ክርስቲያን በየዓመቱ ምን እየሰማ አደገ?

ሚስቱንና ሴት ልጁን አውሽቪትስ ላይ ያጣው ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ ዡል ኢዛክ ይህንኑ ጠየቀ፤ በ1949ም ፓፓ ፒዮስ 12ኛን አነጋገራቸው። በ1955 መንበርከኩ ተመለሰ። በ1959 ፓፓ ዮሐንስ 23ኛ ቃሉን ከጸሎቱ አወጡት፤ በማግሥቱ ዓመትም ኢዛክን ተቀብለው አነጋገሩት። በ1965 የቫቲካን ጉባኤ የክርስቶስ ሞት በአይሁድ ሁሉ ላይ ሊቈጠር እንደማይገባ አስታወቀ። በ1970 የወጣው ጸሎት ደግሞ አይሁድ ለእግዚአብሔር ቃል ኪዳን በታማኝነት እንዲጸኑ ይለምናል። በ2008 ግን ፓፓ ቤኔዲክቶስ 16ኛ ለቀድሞው ሥርዓት ባወጡት ጸሎት፥ አይሁድ ክርስቶስን ያውቁ ዘንድ ልባቸው እንዲበራ ተለመነ፤ ክርክሩም እንደ ገና ተነሣ።

በዚህ እኛም በሁለት ተከፍለናል። ያመነበትን ለወዳጁ ካልተመኘ እምነቱ ምንድር ነው? የሚሉት፥ ጳውሎስን በሮሜ ምዕራፍ 10 ይጠቅሳሉ። ሌሎቻችን በዳዊት 121ኛውን መዝሙር (በዕብራውያን ቍጥር 122ኛውን) እንጠቅሳለን። በዚያ ለኢየሩሳሌም የሚለመነው ሰላም ብቻ ነው፤ ነዋሪው እንደ ለማኙ ይሁን አይልም። ኤርምያስም በምዕራፍ 29 ለምርኮኞቹ ሲጽፍ፥ የማረከቻቸው ባቢሎን እንኳ ሰላም እንድታገኝ ይጸልዩ ዘንድ አዘዛቸው። እኛ ወደዚህ እናደላለን።

ሆኖም አንድ ጓደኛችን ከባድ ጥያቄ አመጣብን። በኢየሩሳሌም አይሁድም፥ እስላሙና ክርስቲያኑ ዐረብም ይኖራሉ፤ የኢየሩሳሌም ሰላም ብለን ስንለምን የማንን ስም በልባችን ይዘን ነው? አንዱ የሁሉንም አለ፤ ሌላው ሁሉን የሚል ማንንም አይልም ብሎ መለሰለት። በዚህ ላይ እንዳለን የራት ደወል ተደወለ።