በሽተኛን በስልክ መጠየቅ
ስለ ሳንባ ካንሰር ሕሙማን የቀረበ ትምህርት

በቋንቋችን በሽተኛን መጎብኘትም ጥያቄ ማቅረብም በአንድ ቃል «መጠየቅ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የመጀመሪያውን እናደርግና ሁለተኛውን እንተወዋለን። ወደ በሽተኛው ቤት ሄደን «እንዴት ነዎት?» እንላለን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉናል፤ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። ምስጋናው መልካም ነው፤ ነገር ግን በሽተኛው መተኛት አቅቷቸው ሌሊቱን ተቀምጠው ማደራቸውን አይነግረንም። ውድ አንባቢዎቻችን፣ በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን ወገኖች በእጃችን ባለው ስልክና በስልኩ ውስጥ ባሉት አፖች እንዴት አድርገን በእውነት መጠየቅ እንደምንችል ነው።

ከቦሌ ተነሥቶ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት ያለውን የአዲስ አበባን ምሥራቃዊ ክፍል የሚያውቅ ሰው፣ ስልክ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት አይቸገርም። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች አሳንሰር የላቸውም። ሳንባው የታመመ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ሲኖር፣ አንድ ጊዜ ወርዶ መውጣት የቀን ሥራ ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ እስከ መገናኛ ታክሲ፣ ከመገናኛም እንደገና ተሰልፎ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መሄድ አለ። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ በዚያ ብቻ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ሕመምተኛ ሁሉ ዘመድ ቤት እያረፈ ተራውን ይጠብቅ ነበር። እንግዲህ በአንዱ ቀጠሮና በሚቀጥለው መካከል ያሉት ሳምንታት የሚያልፉት ሐኪም በሌለበት፣ በቤት ነው። ችግሩ የሚብሰውም በእነዚሁ ሳምንታት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ ጉዳይ በፈረንሳይ አገር የተደረገ ጥናት ታትሞ ወጣ። በሽታው የጠናባቸው የሳንባ ካንሰር ሕሙማን በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደ ተለመደው በቀጠሮው ቀን ታየ። ሁለተኛው ግን ስለ ሳሉ፣ ስለ ትንፋሽ ማጠር፣ ስለ ሕመም ስሜት፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ክብደቱ የቀረቡለትን ጥቂት ጥያቄዎች በየሳምንቱ በኢንተርኔት ይመልስ ነበር። መልሱ አሳሳቢ ሲሆን ለሐኪሙ ወዲያው ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። በመካከለኛው ስሌት የመጀመሪያዎቹ 12 ወር፣ የኋለኞቹ ደግሞ 19 ወር ኖሩ። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ 766 የልዩ ልዩ ካንሰር ሕሙማንን የተከታተለ ሌላ ጥናትም እንዲሁ የዕድሜ ልዩነት አሳየ፤ 26 ወር በ31 ወር። ሰባት ወር ወይም አምስት ወር ለልጆቹ አባት ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ የሚነሣ ሰው ከሌለ፣ አፑ ማንም የማይከፍተው የፖስታ ሣጥን ነው። ደግሞም ጥያቄዎቹ የተለዩና የታወቁ ነበሩ፤ «ደኅና ነዎት?» የሚል አልነበረባቸውም።

ስለዚህ ልዩ አፕ እስኪገኝ መጠበቅ የለብንም። ቴሌግራም ያለው የድምፅ መልእክት ይላክለት፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችም ይህ ይሻላል። በተን ስልክ ብቻ ላለው ይደወልለት። ዋናው ነገር በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ነው። «ጋሼ፣ ትናንት ደረጃውን ሲወጡ ስንት ጊዜ አረፉ?» «እትዬ፣ ሌሊት በስንት ትራስ ተኙ?» «ከቀረበልዎ እንጀራ ምን ያህሉን በሉ?» መልሱ ከነቀኑ በደብተር ወይም በስልኩ ማስታወሻ ላይ ይጻፍ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ አርፈው የወጡት ሰው ዛሬ አምስት ጊዜ ካረፉ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ቢሉም ለሐኪሙ የሚነገር ነገር አለ። በቀጠሮው ቀን ይህ ደብተር ለሐኪሙ ከማንኛውም ረጅም ታሪክ ይልቅ ይጠቅመዋል።

የስልኩ ደወልም ሥራ አለው። የሚጠጣው ሞርፊን አብዛኛውን ጊዜ በየአራት ሰዓቱ የሚወሰድ ነው፤ ሕመሙ እስኪመለስ ተጠብቆ የሚወሰድ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ሞርፊንን የሞት ምልክት አድርጎ ይፈራዋል፤ ነገር ግን በሐኪም ትእዛዝ በልኩ የተወሰደ ሞርፊን ሕመምን ያስታግሣል፣ የትንፋሽን ጭንቀትም ይቀንሳል። ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመሥርቶ ሕሙማንን በየቤታቸው መርዳት ሲጀምር፣ ይህን ፍርሃት ማስወገድ ከሥራው አንዱ ነበር።

አንዳንድ ምልክት ግን የሳምንቱን ጥያቄ አይጠብቅም። ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ከፋርማሲ ኪኒን ገዝቶ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ደም ሲያስል፣ ፊትና አንገቱ ሲያብጥ፣ ትንፋሹ በድንገት ሲያጥር፣ የጀርባ ሕመም ይዞት እግሩ ሲዝል እንዲሁ ነው። የሆስፒታሉ ስልክና መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ በበሽተኛው ስልክ ላይ አስቀድሞ ተመዝግቦ ይቆይ። ባትሪው መሙላቱም ማታ ማታ ይታይ፤ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት የሚያውቅ የለምና።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። በአገራችን ቤተሰብ የበሽታውን ስም ከበሽተኛው የሚሰውርበት ጊዜ ብዙ ነው። አባት «ብሮንካይት ነው» ተብለዋል፤ ስልካቸው ላይ ግን «የካንሰር ሕሙማን ማስታወሻ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። መርዶ በስልክ መስታወት ላይ ሊነበብ አይገባም። ስለዚህ አፕ ከመጫናችን ወይም መልእክት ከመላካችን በፊት ቤተሰቡን ለብቻ አነጋግረን፣ በሽተኛው የሚያውቁትንና ሊያውቁ የሚፈልጉትን እንረዳ። በእኛ አስተሳሰብ ለበሽተኛው ቀስ ብሎ፣ በሐኪም ፊት እውነቱን መንገር ይሻላል፤ ኑዛዜውም እርቁም ጊዜ ይፈልጋልና። ይሁን እንጂ ይህን የሚወስኑት እነርሱ እንጂ እኛ አይደለንም። የበሽተኛውን ስምና ሁኔታም ሳያስፈቅዱ በጸሎት ቡድን ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ፍቅር መስሎ ቢታይም ምስጢር ማውጣት ነው።

በዚያው ስልክ የሐሰት ፈውስም ይመጣል። ካንሰርን በሦስት ቀን የሚያጠፋ ቅጠል፣ በቴሌብር ገንዘብ የሚጠየቅበት ቅባት፣ እነዚህ ሁሉ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ይተላለፋሉ። ለሐኪሙ ሳናሳይ አናስተላልፍ።

ከእናንተ ከደጋፊዎቻችን የምንጠይቀው እንግዲህ ከባድ አይደለም። በአካባቢያችሁ አንድ የሳንባ ሕመምተኛ ቢኖር፣ ከቤተሰቡ ጋር ተስማምታችሁ አንድ ቀን ምረጡ። ካርዱን እናንተ ሙሉ፤ በሽተኛው እንዲደውሉላችሁ አትጠብቁ። ሲያወሩ ትንፋሽ ካጠራቸው ዝም ብላችሁ ጠብቁ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠይቁ።