ፓክስ 5 ሲጎድል

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ለትምህርት ከሚሰጡን የፓቶሎጂ ውጤቶች አንዱ ላይ «ፓክስ 5 ፖዘቲቭ» የሚል አነበብኩ። ከሥሩ ዕጢው ከቢ ሕዋስ የተነሳ ነው ተብሎ ተደምድሟል። አንድ ፕሮቲን አይቶ የሕዋስን ወገን መናገር ይቻላል?

አዛውንቱ፦ በአንዱ ብቻ አይፈረድም፤ ሌሎች ማቅለሚያዎችም ተሠርተው ይሆናል። ቢሆንም ፓክስ 5ን ከሌሎቹ ምልክቶች ለይተሽ ማየትሽ ልክ ነው። ብዙዎቹ ምልክቶች ሕዋሱ ላይ የተገኙት ቢ ሕዋስ ስለሆነ ነው። ፓክስ 5 ግን ቢ ሕዋስ እንዲሆን ያደረገው ራሱ ነው። የሚገኘውም በሕዋሱ ገጽ ላይ አይደለም፤ በኒውክሊየሱ ውስጥ፣ ዲኤንኤው ላይ ነው።

ተማሪዋ፦ መጽሐፋችን ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ይለዋል። እሱን ቃል ለፈተና ሸምድጄዋለሁ እንጂ በቅጡ አልገባኝም።

አዛውንቱ፦ የጉበትሽም፣ የቆዳሽም፣ የደምሽም ሕዋስ የያዘው ጂን አንድ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የትኛው ጂን ይነበባል፣ የትኛው ሳይነበብ ይቀራል በሚለው ላይ ነው። ፓክስ 5ን የመሰሉ ፕሮቲኖች ዲኤንኤው ላይ የሚያውቁትን የፊደል ቅደም ተከተል ፈልገው ይይዛሉ፤ ከዚያ አንዱን ጂን ያስነብባሉ፣ ሌላውን ይከለክላሉ። በሰው ላይ የፓክስ 5 ጂን ያለው በ9ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ ነው። ይህን ያዢልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ተማሪዋ፦ እና ቢ ሕዋስን የሚሠራው እሱ ብቻውን ነው?

አዛውንቱ፦ አይደለም፤ እንዲያውም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። መቅኔ ውስጥ ካለው የደም ግንድ ሕዋስ ጀምሮ ኢካሮስ የሚባለው ይሠራል፤ ከዚያ ኢ2ኤ እና ኢቢኤፍ1 ይከተላሉ። የቢ ሕዋስን የመጀመሪያ ጂኖች የሚያስጀምሩት እነዚህ ናቸው። የአብነት ትምህርት ቤት ታውቂያለሽ፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ዜማ ቤትም ቅኔ ቤትም መግባት ይችላል። ኢ2ኤና ኢቢኤፍ1 ልጁን ቅኔ ቤት አስገብተው ቅኔ መቁጠር ያስጀምሩታል። ፓክስ 5 «ከእንግዲህ ወደ ሌላ ጉባኤ አትሄድም» የሚሉት የኔታ ነው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቅኔ የጨረሰ ተማሪ ወደ ሌላው ጉባኤ ሊሻገር ይችላል፣ ቢ ሕዋስ ግን ፓክስ 5 እስካለ ድረስ አይችልም።

ተማሪዋ፦ ይህን እንዴት ደረሱበት?

አዛውንቱ፦ በቪየናው የሞለኪውላዊ ፓቶሎጂ ምርምር ተቋም የሠራ ማይንራት ቡስሊንገር የሚባል ሳይንቲስት አለ። ሥራው የተነሳው ከደም አይደለም። እሾሃም ከሆነች የባሕር እንስሳ ጂኖች ላይ የሚያርፍ ፕሮቲን ሲያጠኑ የአጥቢ እንስሳት አቻውን አገኙ፤ አቻው የተገኘው ደግሞ በቢ ሕዋሳት ውስጥ ነበር። ይህ በ1990 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ። በ1994 የፓክስ 5 ጂን የሌላቸው አይጦች ውጤት ታተመ። አብዛኞቹ ጡት ሳይጥሉ ሞቱ፤ የመካከለኛው አንጎላቸው የኋላ ክፍልም በወጉ አልተሠራም። አንድም የበሰለ ቢ ሕዋስ አልነበራቸውም። መቅኔያቸው ውስጥ ግን ጀማሪዎቹ ነበሩ፣ ሁሉም አንድ ደረጃ ላይ ቆመው።

ተማሪዋ፦ ስለዚህ ፓክስ 5 ለማደግ ያስፈልጋል ማለት ነው።

አዛውንቱ፦ ያኔ ሰው ሁሉ የተረዳው እንደዚያ ነበር። በ1999 የተገኘው ግን ከዚያ የጠለቀ ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደምመኝም እሱ ነው። እነዚያን ቆመው የቀሩ ሕዋሳት ላቦራቶሪ ውስጥ አሳደጓቸው። ተሕዋስያንን የሚውጠው ሕዋስ፣ የማክሮፌጅ፣ ማሳደጊያ ሲሰጧቸው ማክሮፌጅ ሆኑ። ሌላ ሲሰጧቸው አጥንት የሚበላውን ሕዋስ ሆኑ። ቲ ሕዋስ በሌላቸው አይጦች ውስጥ ሲያስገቧቸው ቲ ሕዋስ ወደሚበስልበት ታይመስ ገብተው ቲ ሕዋስ ሆኑ። ፓክስ 5 ያለው ጤነኛ ሕዋስ በዚያው ደረጃ ላይ ይህን ሁሉ አያደርግም። እንግዲህ የቢ ሕዋስን ጂኖች ማንበብ መጀመር ብቻውን ቢ ሕዋስ አያደርግም ማለት ነው። ሌላው መንገድ መዘጋት አለበት።

ተማሪዋ፦ ሌላ ሕዋስ ተቀላቅሎባቸው ቢሆንስ?

አዛውንቱ፦ እንዲህ ጠይቂ፣ ልጄ! ላቦራቶሪ የሚገባ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው። ከአንድ ነጠላ ሕዋስ የተባዙትን ለይተው ነው የሠሩት። ሌላም ማስረጃ አለ። ቢ ሕዋስ ፀረ እንግዳ አካል ለመሥራት ጂኑን ይቆርጥና መልሶ ይቀጥለዋል፤ ያ ቁርጥ ከዚያ በኋላ አይሽርም። የቆሙት ሕዋሳት የመጀመሪያውን ቁርጥ ጀምረው ነበር። ከእነሱ የወጡት ቲ ሕዋሳት ዲኤንኤ ሲታይ ያው ቁርጥ እዚያው ተገኘ። ቲ ሕዋስ ሆነው፣ የቢ ሕዋስ ጠባሳ ይዘው።

ተማሪዋ፦ ፓክስ 5 የሚከለክላቸው የትኞቹን ጂኖች ነው?

አዛውንቱ፦ ብዙ ናቸው። ሁለቱን ልንገርሽ። ኖች 1 ከሌለ ቲ ሕዋስ የለም፤ ፓክስ 5 ኖች 1ን ይጫነዋል። ማክሮፌጅ የማሳደጊያውን ምልክት የሚቀበልበትን ተቀባይም ያጠፋል። በሌላ በኩል ሲዲ19 የሚባለውን የሕዋስ ገጽ ምልክት፣ ቢ ሕዋስ ከውጭ የሚመጣውን መልእክት ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍባቸውንም ፕሮቲኖች ያስነብባል። ሲዲ19 የሚለውን አትርሺው። ፀረ እንግዳ አካል ወደሚያመርት ፕላዝማ ሕዋስ ሲሸጋገር ግን ፓክስ 5 ራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ የፕላዝማ ሕዋስ ዕጢ በፓክስ 5 ማቅለሚያ አብዛኛውን ጊዜ አይቀልምም።

ተማሪዋ፦ አንዴ የበሰለ ቢ ሕዋስ ከሆነ በኋላ ግን ፓክስ 5 ቢጠፋበት ምን ይጎዳል? መንገዱን ጨርሶ የለ?

አዛውንቱ፦ እኔም የጨረሰ ይመስለኝ ነበር፤ የ2007ቱን ጽሑፍ እስካነብ። ሴሳር ኮባሌዳ እና ቡስሊንገር ከበሰሉ ቢ ሕዋሳት ላይ የፓክስ 5ን ጂን አወጡ። ሕዋሳቱ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ መቅኔ ውስጥ እንደገና ጀማሪ ሆኑ፣ ከዚያም ቲ ሕዋስ ሆኑ። እዚህም የፀረ እንግዳ አካሉ ቁርጥ ሙሉ በሙሉ ተገኝቶባቸዋል። ማንነት አንዴ ተገኝቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ በየዕለቱ የሚጠበቅ ነው። ከዚያው ጥናት ሌላም ነገር ወጣ፤ ፓክስ 5 የተነጠቀባቸው አይጦች ኃይለኛ ሊምፎማ ያዛቸው።

ተማሪዋ፦ ወደ ካንሰሩ ደረስን።

አዛውንቱ፦ ደረስን። በዚያው በ2007፣ አሜሪካ ሜምፊስ ያለው የሴንት ጁድ ሆስፒታል ቡድን የ242 ሕፃናትን አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ጂኖች ባጠቃላይ ፈትሾ አሳተመ። ከቢ ሕዋስ ጀማሪዎች በተነሳው ዓይነት፣ ከሦስት ሕፃናት ወደ አንዱ በሚጠጋው ላይ ፓክስ 5 ተጎድቶ ተገኘ። የተጎዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ነው። ሁለቱም አይጠፉም። ግማሹ ይቀራል።

ተማሪዋ፦ ግማሽ ከቀረ ሕዋሱ አሁንም ቢ ሕዋስ ነው ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ ነው፣ ግን ያልበሰለ። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ሰው ሉኪሚያን ያለ ልክ የሚባዛ ሕዋስ አድርጎ ብቻ ያስበዋል። ጤነኛ ጀማሪ ሕዋስም እኮ ይባዛል፤ ብዙ ይባዛል። ልዩነቱ ጤነኛው አንድ ቀን በስሎ መባዛቱን ማቆሙ ነው። ሉኪሚያው እንዳይበስል ተይዟል። በመቅኔው ውስጥ የሚበዛው ልጅነቱን ያልጨረሰ ሕዋስ ነው፤ ሌላው ደም የሚሠራበትን ቦታ ይወስዳል፣ ሕፃኑ ይገረጣል፣ ይደማል፣ ኢንፌክሽን ይይዘዋል።

ተማሪዋ፦ የ9ኛውን ክሮሞዞም ነገር ያዢልኝ ብለውኝ ነበር።

አዛውንቱ፦ ጎበዝ። በዚያው አጭር ክንድ ላይ ሲዲኬኤን2ኤ የሚባል ሌላ ጂን አለ፤ ሥራው ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይከፋፈል መግታት ነው። የክንዱ ሰፊ ክፍል ተቆርጦ ሲወድቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። በአንድ አደጋ አብሳዩም ገቺውም ተነካ ማለት ነው።

ተማሪዋ፦ ታዲያ ግማሽ ፓክስ 5 ይዞ የተወለደ ሰው ሁሉ ይታመማል?

አዛውንቱ፦ ሁሉም አይታመምም። በ2013 ፓክስ 5 ላይ አንድ ፊደል ተለውጦ የሚወረስባቸው ሁለት ቤተሰቦች ተዘግበዋል፤ በፕሮቲኑ 183ኛ ቦታ ግላይሲን በሴሪን ተተክቷል። በቤተሰቡ ሉኪሚያ የያዛቸው አሉ፣ ለውጡን ይዘው ጤነኛ የሆኑም አሉ። የታመሙት ላይ የሉኪሚያው ሕዋስ ጤነኛውን ቅጂም ጥሎታል። ስለዚህ ውርሱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለተኛ ጉዳት ያስፈልጋል። በስፔን ሳላማንካ በ2015 የታተመውን ደግሞ ስሚ። ግማሽ ፓክስ 5 ያላቸውን አይጦች ከተለመዱ ተሕዋስያን በጸዳ ቤት ሲያሳድጓቸው ሉኪሚያ አልያዛቸውም። ተራው የአይጥ ኢንፌክሽን ወዳለበት ቤት ሲያዛውሯቸው ከአምስት አንዱ ገደማ ታመሙ።

ተማሪዋ፦ እና ለእናቶች ልጃችሁን ከጉንፋን ጠብቁ ልንል ነው?

አዛውንቱ፦ እንዳትዪ! ያ የአይጥ ጥናት ነው፤ እንኳን ሌላው ሕፃን፣ ግማሽ ፓክስ 5 ያለው ሕፃን እንኳ መቼና በየትኛው ኢንፌክሽን እንደሚታመም አይነግርሽም። ልጇ ታሞባት መንስኤውን ከራሷ ጥፋት የምትፈልግ እናት ብዙ አይቻለሁ። በዚያ ላይ ሌላ ሸክም አንጨምርባትም።

ተማሪዋ፦ የጎደለውን ቢመልሱትስ?

አዛውንቱ፦ በአይጥ ተመልሷል። በ2014 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ፓክስ 5ን እንደ ፈለጉ የሚያጠፉበትና የሚመልሱበት ዘዴ ሠርተው ሉኪሚያ አስነሱ፣ ከዚያ ፓክስ 5ን መለሱ። ሉኪሚያው መብሰል ጀመረ፣ መባዛቱን አቆመ፣ ሉኪሚያ የማስነሳት ኃይሉንም አጣ። ለአጭር ጊዜ መመለሱ እንኳ በቂ ነበር። በ2017 ደግሞ ፓክስ 5 እና ኢካሮስ ሕዋሱ የሚወስደውን ግሉኮስ እንደሚገድቡ ታየ፤ ሲጎድሉ ሕዋሱ ለመባዛት የሚበቃ ጉልበት ያገኛል።

ተማሪዋ፦ ታዲያ መድኃኒቱ የታለ?

አዛውንቱ፦ የበዛን ፕሮቲን የሚያግድ መድኃኒት መሥራት ይቻላል፤ ብዙ አለ። የጎደለን ፕሮቲን፣ ያውም ኒውክሊየስ ውስጥ ዲኤንኤ ይዞ የሚሠራን፣ በእያንዳንዱ የታመመ ሕዋስ ውስጥ መተካት ግን እስካሁን አልተቻለም። ስለዚህ ሕክምናው በሌላ በኩል ይዞራል። ዋናው አሁንም ቪንክሪስቲን፣ ስቴሮይድ፣ አስፓራጂኔዝ፣ ሜቶትሬክሴት ነው። ሀብታም አገሮች በእነዚህ ከአሥር ሕፃናት ዘጠኙን ገደማ ያድናሉ። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፣ ልጄ። መድኃኒቶቹ አዲስ አይደሉም። እንደ እኛ ባለ አገር ሕፃኑ ዘግይቶ ይመጣል፣ መድኃኒቱ መሐል ላይ ይቋረጣል፣ ቤተሰቡ የመኪና ሳንቲም አጥቶ ይቀራል። በፓክስ 5 ሳይሆን በዚህ የሚሞቱ ልጆች አሉ።

ተማሪዋ፦ ሲዲ19ን አትርሺው ብለውኝ ነበር።

አዛውንቱ፦ ፓክስ 5 የሚያስነብበው ጂን ነው ብዬሻለሁ። ፓክስ 5 ግማሽ ቢሆንም ሉኪሚያው ብዙውን ጊዜ ሲዲ19ን ገጹ ላይ እንደያዘ ይቀራል። ሐኪሞቹ የያዙት እሱን ነው። የታማሚውን ቲ ሕዋስ ከደሙ ያወጣሉ፣ ሲዲ19ን የሚያውቅ ተቀባይ ያስገቡበታል፣ መልሰው ይሰጡታል። ካር ቲ ይባላል፤ በ2017 አሜሪካ ውስጥ ለሕፃናትና ለወጣቶች ሉኪሚያ ተፈቀደ። ሌላ ሕክምና ያልሠራላቸው ልጆች በዚህ ድነዋል።

ተማሪዋ፦ ሉኪሚያው ሲዲ19ን ቢጥለውስ?

አዛውንቱ፦ ይጥለዋል። በአንዳንዶቹ የሚመለሰው ሉኪሚያ ሲዲ19 የሌለው ነው። ከዚያም አልፎ በጥቂቶች፣ በተለይ ኬኤምቲ2ኤ የሚባለው ጂን በተሰበረባቸው፣ ሉኪሚያው የቢ ሕዋስ መልኩን ጥሎ ወደ ማክሮፌጆች ወገን፣ ወደ ማይሎይድ ይዞራል። በ1999 ላቦራቶሪ ውስጥ የታየው ዓይነት መዞር በታማሚ ሰው መቅኔ ውስጥ ይታያል። ስለዚህ ከካር ቲ በኋላ ሕመሙ የተመለሰበትን ልጅ መቅኔ ስትመረምሪ የቢ ሕዋስ ምልክቶቹን ብቻ ይዘሽ አትቅረቢ፣ የማይሎይዱንም ጨምሪ፤ አለበለዚያ ሉኪሚያው ፊትሽ እያለ «የለም» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ማምለጫውን ለመዝጋት ደግሞ ሲዲ19ን እና ሌላውን የቢ ሕዋስ ምልክት ሲዲ22ን በአንድ ጊዜ የሚያውቁ ቲ ሕዋሳት እየተሞከሩ ነው።