የተሳቢ ማያያዣ አመራረጥና የጭነት አደላደል

ነጋዴ በቅሎውን ሲጭን ሁለቱን ወገን አመዛዝኖ፣ ጭነቱም ወደ ኋላ እንዳይሸሽ አጥብቆ ያስራል። ጭነቷ ወደ ኋላ የሸሸባት በቅሎ አቀበት ስትወጣ ፊቷ ይቀላል፤ ቁልቁለት ስትወርድም ወገቧ ይወላገዳል። ይህ የቆየ ዕውቀት በፒክ አፕ መኪና ተሳቢ አስከትሎ ገብስ፣ የከብት መኖ፣ ጥጃ ወይም የውሃ በርሜል ለሚያመላልስ ሰውም የሚሠራ ነው። ልዩነቱ በቅሎ በእርጋታ ስትራመድ መኪና በሰዓት 60 ወይም 80 ኪሎሜትር መሮጡ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ለተሳሳተ ጭነት የሚከፈለው ዋጋ የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ተሳቢ በመኪና ላይ የሚያደርሰው ችግር ሁለት ነው። አንደኛው የመኪናውን የኋላ ክፍል ተጭኖ የፊቱን ማንሳቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ በመንገድ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዛወዙ ነው። በአሜሪካ አገር በስፋት የተለመደው ክብደት አከፋፋይ ማያያዣ የተሠራው የመጀመሪያውን ችግር ለመቀነስ ሲሆን፣ መወዛወዝን የሚከላከል ክፍል ሲጨመርበት ለሁለተኛውም ይረዳል።

የመጀመሪያው ችግር በቀላል ስሌት ይታያል። ከነጭነቱ 1,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ በአንገቱ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር በሚጋጠምበት ጫፍ፣ 180 ኪሎ ይጫናል እንበል። ማያያዣው ኳስ ከመኪናው የኋላ ጎማዎች መካከል 1.2 ሜትር ወደ ኋላ የራቀ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀትም 3 ሜትር ቢሆን፣ የኋላ ጎማዎች የሚሸከሙት 180 ኪሎ ብቻ ሳይሆን 252 ኪሎ ይሆናል። ትርፉ 72 ኪሎ የመጣው ከፊት ጎማዎች ላይ ነው። መሪውን የሚታዘዙት የፊት ጎማዎች ስለሆኑ፣ እነርሱ ሲቀሉ መኪናው መሪ እምቢ ይላል፤ የፍሬን ኃይልም ይቀንሳል፤ የማታ መብራትም ወደ ላይ ተነሥቶ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

ክብደት አከፋፋይ ማያያዣ ከኳሱ በታች ተነሥተው በተሳቢው አንገት ሥር ወደ ኋላ የሚዘረጉ፣ እንደ ባሌስትራ የሚለመጡ ሁለት የብረት ዘንጎች አሉት። ዘንጎቹ በሰንሰለት ወይም በብረት መደገፊያ ወደ ላይ ሲወጠሩ የመኪናውን የኋላ ክፍል ቀና ያደርጉታል፤ ከጭነቱም ከፊሉ ወደ ፊት ጎማዎች፣ ከፊሉ ወደ ተሳቢው ጎማዎች ይተላለፋል። ሆኖም ማያያዣው ጭነቱን ያከፋፍላል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ የመኪናው ፋብሪካ ከወሰነው ልክ በላይ ለመጫን ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር፣ መወዛወዝ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የተሳቢው ጭነት ከጎማዎቹ ኋላ ሲበዛና አንገቱ ሲቀል ነው። የጎን ነፋስ ወይም አጠገቡ የሚያልፍ ትልቅ የጭነት መኪና ያስጀምረዋል፤ ፍጥነትና ቁልቁለት ያብሱታል። መከላከያው በሰበቃ የሚሠራ ነው። አንዱ ዓይነት በመኪናውና በተሳቢው መካከል በጎን የሚታሰር ተንሸራታች ዘንግ ነው፤ ዋጋው አነስተኛ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ መኪናው ወደ ኋላ ከመሄዱ በፊት መፈታት ይኖርበታል። ሌላው ዓይነት ራሳቸው ዘንጎቹ በመደገፊያቸው ላይ እየተፋተጉ የሚይዙበት ነው። ከቀላሎቹ ማያያዣዎች አንዳንዶቹ ደግሞ በብረት ዘንግ ፈንታ ሰንሰለትና ጠንካራ ላስቲክ መሰል ነገር ይጠቀማሉ።

እንግዲህ ቀላል ማያያዣ መምረጥ የሚጠቅመው እስከ ምን ድረስ ነው? ከብረት የተሠራው የተለመደው ዓይነት 45 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ቀላሉ ወደ 27 ኪሎ ይወርዳል። በየጊዜው አንሥቶ ለሚገጥመው ሰው የ18 ኪሎ ልዩነት እረፍት ነው፤ የማያያዣው ክብደትም ከመኪናው የመሸከም አቅም ላይ ስለሚቆጠር ቁጠባው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከተሳቢው ጎማዎች እስከ አንገቱ ጫፍ 3 ሜትር በሆነ ተሳቢ ላይ፣ አንድ ኩንታል ገብስ በ1 ሜትር ብቻ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢዛወር በአንገቱ ላይ 33 ኪሎ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ ከማያያዣው ቅለት አስቀድሞ የጭነቱ ቦታ ሊታሰብበት ይገባል።

ከግዢ በፊት የሚከተለውን ማድረግ ይጠቅማል።

1ኛ፤ ተሳቢው እንደ ወትሮው ተጭኖ በሚዛን ይመዘን። የመኪናው መምሪያ መጽሐፍ ከሚፈቅደው በልጦ ከተገኘ ጭነቱ ይቀነስ።

2ኛ፤ የአንገቱ ክብደት ይታወቅ። በአሜሪካ የተለመደው ልክ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ለ1,500 ኪሎ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ማለት ነው። በአውሮፓ የሚሠሩ ቀላል ተሳቢዎች ከዚህ ያነሰ ስለሚፈቀድላቸው የፋብሪካው መመሪያ ይቀድማል። ሚዛኑ ትንሽ ከሆነ ጠንካራ ሳንቃ በአንድ ጫፉ በድንጋይ፣ በሌላው ጫፉ በሚዛኑ ላይ ይጋደማል፤ አንገቱም ከድንጋዩ አንድ እጅ፣ ከሚዛኑ ሁለት እጅ በሚርቅበት ቦታ ላይ ያርፋል። ሚዛኑ ያሳየው ቁጥር፣ የሳንቃው ክብደት ተቀንሶለት፣ በ3 ሲባዛ የአንገቱ ክብደት ይገኛል። ይህ ሲደረግ መሬቱ ደልዳላ፣ የተሳቢው ጎማዎችም በድንጋይ የተደገፉ መሆን አለባቸው።

3ኛ፤ ዘንጎቹ ለተገኘው ክብደት የተሠሩ ይሁኑ። ደካማ ዘንግ ጭነቱን አያከፋፍልም፤ ከመጠን በላይ ጠንካራ የሆነው ደግሞ የተሳቢውን አንገት ያስጨንቃል። መኪናው እንዲህ ያለውን ማያያዣ የሚቀበል መሆኑ፣ የተሳቢውም ፍሬን ከእርሱ ጋር የሚስማማ መሆኑ አስቀድሞ ይጠየቅ።

4ኛ፤ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ይኑረው። በአውሮፓ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ የሚበልጥ ተሳቢ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያዝዛል።

ማያያዣው ከተገጠመ በኋላ ትክክለኛነቱ በሜትር ይፈተናል። ከመሬት እስከ ፊት ጎማው ሽፋን ጠርዝ ያለው ከፍታ ተሳቢው ሳይገጠም 90 ሳንቲሜትር፣ ዘንጎቹ ሳይወጠሩ ሲገጠም 93 ቢሆን፣ ከተወጠሩ በኋላ ቢያንስ ወደ 91 ተኩል ሊመለስ ይገባዋል፤ ትክክለኛውን ልክ ግን የመኪናው መምሪያ ይወስናል። ከ90 በታች ከወረደ ዘንጎቹ ከመጠን በላይ ተወጥረው የኋላ ጎማዎችን አቅልለዋል ማለት ነው። ቀላሉ ማያያዣ ከፍታውን ሊመልስ ካልቻለ ለዚያ ጭነት አልተሠራምና በከባዱ ይለወጥ።

በመንገድም ጥንቃቄ አይለይ። ከአስመራ ወደ ምፅዋ የሚወስደው መንገድ በ115 ኪሎሜትር ያህል ርቀት ከ2,300 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕር ይወርዳል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውም ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በእንዲህ ያለው ቁልቁለት ሾፌሩ ገና ከላይ ሳለ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ቀስ ብሎ ይውረድ። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ መሪውን ወዲያና ወዲህ ማወናጨፍም ሆነ የመኪናውን ፍሬን በድንገት መርገጥ አደጋውን ያባብሳል። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጁን መልቀቅ፣ ለተሳቢው ብቻ የሚሠራ የእጅ ፍሬን ካለም እርሱን በቀስታ መያዝ ይገባል። መኪናው ከቆመ በኋላ ምክንያቱ ይመርመር፤ ጭነቱም ወደ ፊት ይስተካከል።

ጥሩ ማያያዣ በትክክል የተጫነን ተሳቢ ይረዳል፤ በስህተት የተጫነውን ግን አያድንም። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሚዛንና ሜትር ይውጡ፤ ጭነቱም ታውቆ ይደልደል። ከዚያ በኋላ ለጭነቱ ከሚበቁት ማያያዣዎች መካከል ቀላሉን መምረጥ ተገቢ ነው።